የትምህርት ቤቱን መብራት ማን ያጥፋው?

ቤተ ሰብ ያለው ሰው ማታ ወደ መኝታው ከመሄዱ በፊት ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን ዞሮ አይቶ፥ የበራውን መብራት አጥፍቶ፥ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አጥብቆ ዘግቶ ይተኛል። ይህን እንዲያደርግ ያዘዘው አለቃ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በወሩ መጨረሻ የሚመጣውን ሒሳብ የሚከፍለው ከገዛ ኪሱ ነው። ይኸው ሰው በማግስቱ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲደርስ፥ ፀሐይ ወለል ብላ ወጥታ ሳለ በባዶ ክፍል ውስጥ ስድስት መብራት ሲበራ አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል። የሰውየው ጠባይ ባንድ ሌሊት አልተለወጠም። የተለወጠው ከፋዩ ነው።

በትምህርት ቤት የሚያበራው ሌላ፥ የሚከፍለው ሌላ ነው። መብራቱን የሚያበራው ተማሪው ወይም መምህሩ ነው፤ በሩን የሚቆልፈው ዘበኛው ነው፤ የሒሳቡን ወረቀት የሚቀበለው ጸሐፊው ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ከነዚህ ሰዎች አንዱም ሰነፍ ወይም አባካኝ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ወጪው በብዙ እጅ ተከፋፍሎ ስለሚያልፍ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ «የትምህርት ቤቱን መብራት ማን ያጥፋው?» የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ቢመስልም፥ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደርም ጥያቄ ነው።

ግማሽ ለከተማው፥ ግማሽ ለትምህርት ቤቱ

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ካገኙት ከተሞች አንዷ በሰሜን ጀርመን የምትገኘው የወደብ ከተማ ሐምቡርግ ናት። በ1994 (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ የሚነገርበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የከተማው አስተዳደር «ፊፍቲ ፊፍቲ» ማለትም «ሃምሳ በሃምሳ» የተባለውን ዕቅድ በትምህርት ቤቶቹ ጀመረ። የዕቅዱ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ተማሪዎቹና መምህራኑ በጥንቃቄያቸው ከኤሌክትሪክ፥ ከማሞቂያና ከውሃ ሒሳብ ያዳኑት ገንዘብ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ለከተማው ግምጃ ቤት ይቀራል፥ ግማሹ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለፈለገው ጉዳይ እንዲያውለው ይሰጠዋል።

የዚህን ዕቅድ ብልሃት ለማስተዋል ከእርሱ በፊት የነበረውን ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። አንድ ትምህርት ቤት ተግቶ ቢቆጥብ ትርፉ በሙሉ ለከተማው ይሆናል፤ ለራሱ የሚቀርለት ድካሙ ብቻ ነው። እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት «ዓምና በዚህ ያህል በቅቷችሁ የለም ወይ?» ተብሎ ድልድሉ ሊቀነስበት ይችላል። ይህ አሠራር የቆጠበውን የሚቀጣ፥ ያባከነውን የሚክስ ነበር ማለት ይቻላል። ሐምቡርግ ይህን ገለበጠችው። ከተማይቱ ከዕቅዱ በፊት ትከፍል ከነበረው ያነሰ ትከፍላለች፤ ትምህርት ቤቱም ከዚያ በፊት ያልነበረውን ገንዘብ ያገኛል። በዚህ ስምምነት የሚከስር ወገን የለም።

እርግጥ ነው፥ «ምን ያህል ዳነ?» ብሎ ለመናገር አስቀድሞ «ምን ያህል ይወጣ ነበር?» ብሎ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያለፉት ጥቂት ዓመታት ፍጆታ ተደምሮና ተካፍሎ መነሻ ይሆናል፤ የዘንድሮው ፍጆታ ከዚያ ጋር ይነጻጸራል። በጀርመን አገር አንዱ ዓመት ብርዱ የበረታ፥ ሌላው ዓመት የቀለለ ስለሚሆን፥ የማሞቂያው ሒሳብ በአየሩ ጠባይ መጠን ይስተካከላል። ይህ ካልተደረገ፥ ብርዱ የቀለለበት ዓመት ሰነፉን ትጉህ ያስመስለዋል፤ ብርዱ የጠናበትም ዓመት የትጉሁን ድካም ያስቀርበታል።

ዕቅዱ በሐምቡርግ ብቻ አልቀረም። ሌሎች የጀርመን ከተሞች ተከተሉት፤ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በእስፓኝ የባርሴሎና ጠቅላይ ግዛት ምክር ቤት በመሪነት የቆመበት የአውሮፓ አገሮች ኅብረት ሥራ ሆነ። ከ2013 እስከ 2016 በተካሄደው ሁለተኛው ክፍል እስፓኝን፥ ጀርመንን፥ ኢጣሊያንና ፖላንድን ጨምሮ በ13 አገሮች 500 ያህል ትምህርት ቤቶች ገብተውበታል።

ቆጣሪውን ማንበብ

በነዚህ ትምህርት ቤቶች ሥራው የሚጀመረው አዲስ መሣሪያ በመግዛት አይደለም። መጀመሪያ ጥቂት ተማሪዎች፥ አንድ መምህርና የሕንፃው ጠባቂ የሚገኙበት ቡድን ይቋቋማል። የጠባቂው መኖር እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የትኛው በር እንደማይገጥም፥ የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፥ ማሞቂያው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ከርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ ዲሬክተሩ ስለ ሕንፃው የማያውቀውን ጠባቂው ያውቃል፤ ግን የጠየቀው ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ቴርሞሜትርና የብርሃን መለኪያ ይዞ ሕንፃውን ከምድር ቤቱ እስከ ጣሪያው ይዞራል። የክፍሎቹን ሙቀት ይመዘግባል፤ የትኛው መብራት በየትኛው ማብሪያ እንደሚበራ ይጽፋል። ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙ የሚያስተምር ሥራ ነው። በብዙ ክፍል በመስኮት በኩል ያሉት መብራቶችና በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ያሉት የየራሳቸው ማብሪያ አላቸው፤ ሆኖም የትኛው የየትኛው እንደ ሆነ ምልክት ስለሌለው የገባው ሰው ሁሉ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይጫናቸዋል። በማብሪያው ላይ ቀለም ያለው ትንሽ ወረቀት መለጠፍ ብቻ ከፀሐይ ጋር የሚወዳደሩትን መብራቶች ሊያስጠፋ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ምሥጢር የሚያወጣው ግን ቆጣሪው ነው። ዓርብ ማታ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ሰኞ ጧት በሩ ከመከፈቱ በፊት እንደገና ይነበባል። በመካከሉ ማንም አልተማረም፥ ማንም አልጻፈም። ታዲያ ቆጣሪው ለምን ዞረ? መልሱን ፍለጋ ሲኬድ ባዶውን ማቀዝቀዣ፥ ሳይጠፋ የከረመውን ኮምፒዩተር፥ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ የሚያሞቀውን ገንዳ፥ በቀን የሚበራውን የግቢ መብራት እያገኙ መምጣት ነው። የውሃው ቆጣሪም እንዲሁ ነው፤ ማንም በሌለበት ሌሊት የሚዞር የውሃ ቆጣሪ የፈሰሰ ቧንቧ መኖሩን ይመሰክራል።

የቁጥሩ ነገር

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ ከቁም ነገር የማይገባ ሳንቲም መስሎ እንዳይታይህ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ባንድ ክፍል ውስጥ እያንዳንዳቸው 36 ዋት የሚወስዱ 6 የፍሎረሰንት መብራቶች አሉ እንበል። በድምሩ 216 ዋት ነው። እነዚህ መብራቶች ሳያስፈልጉ በቀን 4 ሰዓት ቢበሩ 864 ዋት ሰዓት ያልቃል። ትምህርት ቤቱ 20 ክፍል ቢኖረው በቀን ከ17 ኪሎዋት ሰዓት በላይ፥ በ200 የትምህርት ቀን ደግሞ 3,456 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ሁሉ ማንም ያላነበበበት ብርሃን ነው። እርሱን ለማዳን የሚጠየቀው ዋጋ ደግሞ ጣትን ወደ ግድግዳ ማንሣት ብቻ ነው።

መብራቱ የግድ በሚያስፈልግበት ሰዓት ደግሞ የአምፑሉ ዓይነት ዋጋ አለው። የቀድሞው ባለ ሽቦ አምፑል ከሚወስደው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እርሱ በ60 ዋት ይሰጥ የነበረውን ብርሃን ዛሬ ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፑል በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። ከላይ የጠቀስነው ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንትም በ18 ዋት ኤል ኢ ዲ ሊተካ ይችላል። እንግዲህ ጥበቡ ሁለት ነው፤ የማያስፈልገውን ማጥፋት፥ የሚያስፈልገውን ደግሞ በትንሽ ኃይል ማብራት። ብዙ ሰው በሁለተኛው ይጀምርና ገንዘብ የለም ብሎ ይቆማል። መጀመር የሚገባው ግን ምንም ገንዘብ ከማያስወጣው ከፊተኛው ነው።

በውሃም እንዲሁ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ፥ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብለን ብንቆጥር፥ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፥ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ያፈሳል። የሚያድነው አንዲት የላስቲክ ቀለበት ናት።

በብርድ አገር ግን ትልቁ ወጪ መብራቱም ውሃውም ሳይሆን ማሞቂያው ነው። ጀርመኖች የክፍሉን ሙቀት ባንድ ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ከማሞቂያው ወጪ ከመቶ ስድስት እጅ ገደማ ያድናል ይላሉ። እንደዚሁም መስኮትን ቀኑን ሙሉ በትንሹ ገርበብ አድርጎ መተው ግድግዳውን እያቀዘቀዘ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይነዳል፤ ለጥቂት ደቂቃ ወለል አድርጎ ከፍቶ መዝጋት ግን አየሩን ብቻ ለውጦ ግድግዳውን እንደ ሞቀ ይተወዋል።

አየር የሚያስከፍል ቁጠባ

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ቁጠባ ጥሩ ነው ሲባል፥ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ልጆችን በታፈነ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ቁጠባ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። የሙኒኩ የጤና ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ገና በ1858 በክፍል ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከሺህ እጅ አንዱን እንዳያልፍ መክሮ ነበር። ከዚያ በላይ ሲሆን አየሩ ይከብዳል፤ ራስ ያማል፤ ዓይን ይከደናል። መምህሩ ተማሪው ሰነፈ ብሎ ሲቈጣ፥ ጥፋቱ የመስኮቱ ሊሆን ይችላል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ትምህርት ቤቶች በየ20 ደቂቃው መስኮታቸውን ወለል አድርገው እንዲከፍቱ መከረ። በ2022 ደግሞ የሩሲያ ጋዝ ቀርቶ በጀርመን የኃይል ችግር ሲደርስ፥ መንግሥት የሕዝብ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ክፍል ከ19 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ደንብ አወጣ፤ ትምህርት ቤቶችንና የሕፃናት ማቆያዎችን ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ አደረጋቸው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ልጅ በብርድ ይማር አልተባለም። ትምህርት ቤት የተሠራው ሊማሩበት እንጂ ሊቆጥቡበት አይደለምና፥ ቁጠባው ትምህርቱን ከነካ ያን ጊዜ ቁጠባ መሆኑ ይቀራል።

ከሕንፃው መጀመር

እስካሁን የተነጋገርነው ተሠርቶ ባለቀ ቤት ውስጥ ስለሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ሕንፃው ገና ሲታሰብ ቢታቀድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ ባለችው በዎለሲ ከተማ በ1961 የተፈጸመ አንድ የትምህርት ቤት ሕንፃ አለ፤ ትምህርት ቤቱም ቅዱስ ጊዮርጊስ ይባል ነበር። መሐንዲሱ ኤምስሊ ሞርገን የሕንፃውን ደቡባዊ ግድግዳ በመላ በድርብ መስተዋት ሸፈነው፤ የቀረውን በከባድ ግንብና በሲሚንቶ ሠርቶ ሙቀት እንዳያልፍበት አለበሰው። ክፍሎቹን ያሞቁ የነበሩት በመስተዋቱ የምትገባው ፀሐይ፥ የመብራቶቹ ግለትና የልጆቹ ገላ ናቸው። ተቀምጦ የሚማር ልጅ እንደ አንድ ትልቅ አምፑል ያህል ሙቀት ይሰጣልና፥ ሠላሳ ልጆች የተሰበሰቡበት ክፍል ሠላሳ ትንንሽ ምድጃ አለው ማለት ነው። ለክፉ ቀን ተብሎ የተተከለው ማሞቂያ እምብዛም አላስፈለገም። ነገር ግን መስኮቶቹ በብርዱ ወራት ብዙ ስለማይከፈቱ የአየሩ ነገር ማከራከሩ አልቀረም፤ ከላይ የሰጠነው ማስጠንቀቂያ በዚህ ምስክር አለው።

የሙቀት አገርን መልስ የሰጠው ደግሞ አፍሪካዊ ነው። ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪና ፋሶ በጋንዶ መንደር የተወለደ ሲሆን፥ በልጅነቱ የተማረበት ክፍል ጨለማና እንደ እቶን የጋለ እንደ ነበረ ይናገራል። በበርሊን የሕንፃ ጥበብ ሲማር ሳለ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ አሰባሰበ፤ ሕንፃውም በ2001 ተፈጸመ። ግድግዳው ከአገሩ ሸክላ አፈር ጥቂት ሲሚንቶ ተጨምሮበት በታመቀ ጡብ ተሠራ። የቆርቆሮው ጣሪያ ከጡቡ ኮርኒስ ከፍ ብሎ በብረት ላይ ቆመ፤ ስለዚህ ፀሐይ ቆርቆሮውን ብታግለውም በመካከሉ የሚነፍሰው አየር ግለቱን ይዞት ይሄዳል፤ በክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየርም በኮርኒሱ ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል። ይህን የሚያንቀሳቅስ ሞተር የለም፤ በወሩ መጨረሻ የሚመጣ ሒሳብም የለም። ኬሬ በዚህ ሥራ በ2004 የአጋ ካን ሽልማትን ተቀበለ፤ በ2022 ደግሞ የፕሪትዝከርን የሕንፃ ጥበብ ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

የእኛስ ጉዳይ?

«ይህ የብርድ አገር ችግር ነው፤ እኛ ማሞቂያ የለን» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፥ ማሞቂያ የለንም። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ነገሩ ይቀለናል እንጂ አይቀርልንም። ሐምቡርግ በታኅሣሥ ወር ቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ ተማሪው ጧት በጨለማ ይገባል፤ መብራት ቢያበራ አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ ግን በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ይህን የመሰለ ብርሃን ያለው አገር በእኩለ ቀን አምፑል የሚያበራው መስኮቱ አቧራ ስለ ለበሰ፥ ኮርኒሱ በጢስ ስለ ጠቈረ፥ ወይም ቁም ሣጥኑ ብርሃኑን ስለ ጋረደው ነው። መስኮት ማጠብና ኮርኒስ ነጭ መቀባት ከኤሌክትሪክ ሥራ የሚቆጠሩ ባይመስሉም ሒሳቡን ይቀንሳሉ።

አዳሪ ተማሪ ባለበት ደግሞ ትልቁ ወጪ ያለው በወጥ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ አከታትሎ መጋገር እንጂ እያበረዱ ደጋግሞ ማጋል ኪሳራ መሆኑን ባልትና ያላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። በእንጨት ለሚጋግሩትም ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ገደማ ሊያወርደው ይችላል።

ለወጣቱ ሹም ግን ዋናው ነገር ከአምፑሉም ከምድጃውም ይበልጣል፤ እርሱም ደንቡ ነው። በእኛ አገር የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ይህ ለመንግሥት ሒሳብ አያያዝ ተገቢ ሥርዓት ነው። ሆኖም በዓመቱ ውስጥ ተግቶ ከመብራትና ከውሃ የቆጠበ ትምህርት ቤት ከዚያ ትጋት መጽሐፍ ወይም ወንበር የሚገዛበት መንገድ ካልተበጀለት፥ ሐምቡርግ ከ1994 በፊት ከነበረችበት ቦታ ቆመናል ማለት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው «ግዴታውን ለሚሠራ ተማሪ ገንዘብ መክፈል ጠባዩን ያበላሻል» የሚል ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ወደ ማንም ኪስ አይገባም፤ የሚውለው ለሁሉ በሚሆን ነገር ነው፤ ተማሪውም የሕዝብ ገንዘብ እንዴት እንደሚፈስና እንዴት እንደሚዳን በዓይኑ ያያል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ይቆጠባል፥ በኋላ ግን የሚቀነስ ነገር እያነሰ ስለሚሄድ ሽልማቱም ይመነምናል። ጀርመኖችም ይህን ስላዩ አንዳንዶቹ ከተሞች ከተቆጠበው ገንዘብ ይልቅ የተደረገውን ትጋት እየመዘኑ ሽልማት መስጠት ጀምረዋል። ደንብ የሚያወጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይጠቅመዋል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። የትምህርት ቤት ወጪም ለዲሬክተሩ ብቻ ሲተው ሸክም ነው፤ ለተማሪው፥ ለመምህሩና ለዘበኛው ሲከፋፈል ግን ይቀላል። ሎሚው የሚከፋፈለው ግን ድካሙ ብቻ ሳይሆን ትርፉም አብሮ ሲከፋፈል ነው። እንግዲህ ተማሪው ቆጣሪውን ዓርብ ማታና ሰኞ ጧት ማንበብ ይጀምር፤ ይህን ለማድረግ ፈቃድም ገንዘብም አያስፈልገውም። ወጣቱም ሹም ተማሪው ያመጣለትን ቁጥር ተቀብሎ፥ የቆጠበ የሚጠቀምበትን ደንብ ያርቅቅ። ሁለቱ ሲገናኙ መብራቱን የሚያጠፋው ሰው አይጠፋም።